ከ40 ዶላር ካርቶን የወጡ ሮዝ ሳህኖች፦ ይበላባቸዋል ወይስ ይቆለፍባቸዋል?

ሮዝ ሳህን (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የዕቃ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ግን እዚህ ጎረቤት ሰፈር ኢስቴት ሴል ነበር። ለማታውቁት፣ ሰው ሲሞት ወይም ቤቱን ሲለቅ ዕቃው እዚያው ቤት ውስጥ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። የዚህኛው ቤት ባለቤት ሴትዮ ሞታ ነው። የገባሁት ድስት ፍለጋ ነው። የወጣሁት ሮዝ የብርጭቆ ዕቃ የሞላበት ካርቶን አቅፌ። 40 ዶላር።

ውስጡ ያለው ይሄ ነው፦ 6 ዝርግ ሳህን፣ 4 ስኒ ከነማስቀመጫው፣ አንድ ሞላላ ትልቅ ማቅረቢያ፣ ለሦስት የተከፈለ አንድ ሳህን፣ ክዳን ያለው አንድ የቅቤ ማስቀመጫ። ጌጡ ከሥር በኩል ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተንጠለጠለ ቼሪ። ከሥሩ ምንም ጽሑፍ የለም። መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ሳነሳቸው አንዱ ሳህን ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረፋ አየሁ።

ጥያቄዬ፦ ምንድን ነው የገዛሁት? ይበላበታል ወይ? እማዬ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ በዚህ ላቀርብላት አስቤያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ቡፌ ግዢና ቆልፊበት» ይላል።

ሳቂታው

ድስቱስ? ድስቱን ገዛሽው?

ሮዝ ሳህን

አልገዛሁም።

የኦሃዮዋ (ኮሎምበስ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የያዝሽው ሰብሳቢዎች «ቼሪ ብሎሰም» የሚሉትን ነው። የሠራው ጃኔት የሚባል ፋብሪካ ነው፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጃኔት በምትባል ከተማ። ከተማዋ ራሷ የተሰየመችው በአንድ የብርጭቆ ፋብሪካ ባለቤት ሚስት ስም ነው። አንዳንዱ ለሚስቱ ቀለበት ይገዛል፣ አንዳንዱ ከተማ። ይሄ ጌጥ የተመረተው ከ1930 እስከ 1939 ነው። (ዓመት ስጽፍ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

የጅምላ ስሙ «ዲፕሬሽን ግላስ» ነው። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። ሰው እጅ ላይ ገንዘብ የለም፤ ሳህን ግን ያስፈልጋል። ፋብሪካዎቹ የቀለጠ ብርጭቆ በማሽን፣ በብረት ቅርጽ እየጨመቁ በሳንቲም የሚሸጥ ዕቃ ያወጡ ነበር። ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ የማር ቀለም። አንዳንዱማ ጭራሽ አይሸጥም። አጃ ስትገዢ ካርቶኑ ውስጥ ተከቶ ይመጣል። ሲኒማ ቤቶችም በሳምንት አንድ ቀን ትኬት ለቆረጠ ሰው ሳህን ያድሉ ነበር። ስድስት ሳህን ለማሟላት ስድስት ሳምንት ፊልም ማየት ነው እንግዲህ። ያቺ የሞተችው ሴትዮ ሳህኖቿን እንዴት እንዳገኘች ማን ያውቃል።

ስለዚህ አረፋዋ አታስጨንቅሽ። ርካሽ ዕቃ ነበር፤ በጥድፊያ ነው የወጣው። አረፋ፣ ትንሽ ሞገድ፣ ጠርዙ ላይ የብረቱ ቅርጽ የተገጣጠመበት ቀጭን መስመር፣ ይሄ ሁሉ የዘመኑ ጠባይ ነው። ጌጡ እንዲያ የበዛውም እንከኑን እንዲሸፍን ነው። ጽሑፍ አለመኖሩም ያው ነው፤ አብዛኛው ዲፕሬሽን ግላስ ምልክት የለውም።

ለሦስት የተከፈለው «ግሪል ፕሌት» ይባላል። ሥጋው ከድንቹ፣ ድንቹ ከአተሩ እንዳይቀላቀል የተሠራ ነው። እኔ አንዱን ለአዋዜ፣ አንዱን ለሚጥሚጣ፣ አንዱን ለአይብ ነው የማደርገው። ለእኛ የተሠራ ይመስላል።

አሁን ወደ ፈተናው። የቅቤ ማስቀመጫውን ክዳን አንሺ። ከታች ጠርዙ አጠገብ ዙሪያውን በጥፍርሽ ዳብሺ። ድሮ የተሠራው ላይ ሁለት የተጠጋጉ መስመሮች አሉ። አስመስለው የሠሩት ላይ አንድ ብቻ። ቼሪ ብሎሰምን ከ1973 ጀምሮ አስመስለው ሠርተውታል፤ የቅቤ ማስቀመጫው ደግሞ አስመስለው በብዛት ከሠሯቸው አንዱ ነው። ዳብሺና ንገሪን።

ምናለሽ ተራ (አዲስ አበባ)

ሰው ታድሏል። በኛ ሰፈር ልዋጭ ባይኖር እኔም ዛሬ ሰብሳቢ ነበርኩ።

እናቴ 12 የሻይ ብርጭቆ ነበራት። አፋቸው ላይ የወርቅ ቀለም ክር የዞረ፣ ሆዳቸው ሰማያዊ። ቡፌው ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ። «ለእንግዳ ነው» ትላለች። እንግዳ ይመጣል፤ «እሱማ ቤተኛ ነው» ትልና በሸራፋው ስኒ ትሰጠዋለች። የማታውቀው እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ቢሰብረውስ?» ብርጭቆዎቹ የሚወጡት በዓመት አንዴ፣ ለእንቁጣጣሽ አቧራቸው ሲጠረግ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሻይ ሲቀዳባቸው አላየሁም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡፌው ባዶ ነው። በራፉ ላይ ሁለት አረንጓዴ ባልዲና አንድ የፕላስቲክ ጆግ ተደርድሯል። ልዋጭ አልፏል። «አሮጌ ዕቃ ሰጥቼ አዲስ ተቀበልኩ» አለችኝ በኩራት። ባልዲዎቹ ዓመት አልሞላቸውም፤ አንዱ እጀታው ወለቀ፣ ሌላው ፀሐይ ሰነጠቀው።

እና የባለቤትሽን ምክር አትስሚ። ቡፌ ውስጥ ያለ ዕቃ የቤቱ ሰው ስለማይለምደው ዋጋውን ማንም አያውቀውም። የማይታወቅ ዕቃ ደግሞ መጨረሻው ባልዲ ነው።

ሮዝ ሳህን

ምናለሽ ተራ፣ አስቀህ አስለቀስከኝ። እማዬም እንደዚሁ ናት፤ ቡፌዋ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ደግሞ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው።

የኦሃዮዋ፣ ዳበስኩ። አንድ መስመር ነው። ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ባለቤቴንም አስዳበስኩት። አንድ ነው 😭

የኦሃዮዋ

አይዞሽ። ሳህኖቹ ያገለገሉ መሆናቸውን ተመልከቺ፤ ገጻቸው ላይ በሰያፍ ብርሃን የሚታይ የቢላ ጭረት ካለ የዕድሜ ምልክት ነው። እግራቸው፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ቀለበት፣ መፋተግ አለበት። 90 ዓመት ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ ሳህን እግሩ እንደ አዲስ አያበራም። እንዲህ ከሆነ 40 ዶላርሽ አልተበላም። የቅቤ ማስቀመጫውን ሴትዮዋ ራሷ የተሰበረባትን ለመተካት በኋላ ገዝታው ይሆናል።

ሁሉም አስመስሎ መሥራት ማታለል ነው ማለት አይደለም ደግሞ። በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ፌዴራል የሚባል የኮሎምበስ ፋብሪካ «ማድሪድ» የሚባለውን የድሮ ጌጥ መልሶ አወጣ። በሐቅ 76 የሚል ቁጥር ጌጡ ውስጥ አስገባበት። በኋላ ግን ቁጥሩ ጠፋ፣ ቀለሙም በዛ፤ ሰብሳቢውም ግራ ገባው። የማር ቀለም ማድሪድ ስታገኙ ቁጥሩን መጀመሪያ ፈልጉ።

ኬሚስቱ (ስቶክሆልም)

ይበላበታል ወይ ለሚለው፦ እንዲህ በማሽን የተጨመቀው ተራ ብርጭቆ ነው። አሸዋ፣ ሶዳ፣ ኖራ። እርሳስ የለበትም ማለት ይቻላል። ብሉበት።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፤ ክሪስታሉ። አባቶቻችን ቡፌ ላይ የሚያስቀምጡት ያ ከባድ፣ የተቆራረጠ፣ ቡሽ ያለው ካራፋ። ውስጡ ኮኛክ ወይም ውስኪ ተሞልቶ አሥር ዓመት ይቀመጣል። «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል በአውሮፓ ሕግ ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። ክብደቱና በጥፍር ሲመታ እንደ ቃጭል የሚረዝመው ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው። መጠጥ ውስጡ በቆየ ቁጥር እርሳሱ ወደ መጠጡ ይወጣል። አንድ ማታ ቀድተው ቢጠጡበት መጠኑ ትንሽ ነው። ወራትና ዓመታት ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ካራፋው ይቀመጥ፣ መጠጡ ግን ወደ ጠርሙሱ ይመለስ። የአሥር ዓመቱን ድፉት።

ሳቂታው

የአሥር ዓመት ኮኛክ ድፉ ይለናል ይሄ ሰውዬ።

ኬሚስቱ

ድፉት።

አንድ ነገር ረሳሁ። ሮዙ አይመለከተውም፤ የዚያው ዘመን አረንጓዴ ካላችሁ ግን ባንክ ቤት የብር ኖት የሚፈትሹበትን ዓይነት ብርሃን ጨለማ ውስጥ አብሩበት። ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ከነደደ ዩራኒየም አለበት። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ቦሔሚያ ውስጥ ለቀለም ሲጨምሩት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ዩራኒየሙን ለራሱ ጉዳይ ሲፈልገው ብርጭቆ ሠሪዎቹ አጡት፤ ተመልሶ የተፈቀደላቸው በ1958 ነው።

የኦሃዮዋ

ጨለማ ውስጥ ሲያበራ ልብ ያጠፋል። 14 ፍሬ አለኝ። ሎሚናድ እጠጣበታለሁ፤ ይኸው በሕይወት አለሁ።

ኬሚስቱ

«በሕይወት አለሁ» ማስረጃ አይደለም እህቴ። ጨረሩ ደካማ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ በእጅ መያዝ አያሰጋም። ግን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ እንዲህ ባለው ብርጭቆ ምግብና መጠጥ አታቅርቡ ይላል። ሎሚናድ ደግሞ አሲድ ነው። ከሁሉ መርጠሽ ሎሚናድ?

የኦሃዮዋ

እሺ፣ ሎሚናዱን ተውኩት። ኬኩን ግን አልተውም። ደረቅ ነው።

ጋሽ ድሬስደን (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። እኔ የተማርኩት በምሥራቅ ጀርመን ነው፤ ያኔ ብዙ ኢትዮጵያዊ ነበርን። በ1986 ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ 6 የቢራ ብርጭቆ በካልሲ ጠቅልዬ አመጣሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ሰው ሬዲዮ ያመጣል፣ አንተ ተራ ብርጭቆ?»

ተራ አልነበረም። «ሱፐርፌስት» ይባላል። ሳክሰኒ ውስጥ ሽቬፕኒትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1980 እስከ 1990 ተመረተ። ወደ 120 ሚሊዮን የሚሆን። ብርጭቆው ከተሠራ በኋላ በትኩስ የፖታሲየም ጨው ይታከማል። ላይ ላዩ ያለው ትንሹ የሶዲየም ቅንጣት ይወጣና በቦታው ትልቁ የፖታሲየም ቅንጣት ተጨናንቆ ይገባል። መጨናነቁ ስንጥቅ እንዳይጀምር ይይዘዋል። ሰፊ ወንበር ላይ አራት ሰው ሲቀመጥና ጠባብ ወንበር ላይ አራት ሰው ሲቀመጥ እንደማለት ነው፤ የተጨናነቀው አይነቃነቅም።

ግንቡ ሲፈርስ ፋብሪካው ገዢ አጣ። የማይሰበር ብርጭቆ ማን መልሶ ይገዛል? ነጋዴ እንዲሰበር ነው የሚፈልገው። አሁን ጀርመኖች በአሮጌ ዕቃ ገበያ እየፈለጉ ይሰበስቡታል።

ከስድስቱ አራት ቀርተውኛል። ሁለቱ አልተሰበሩም። አንዱን ሠርግ ያዋስነው ጎረቤት አልመለሰም፤ ሌላው እንዴት እንደጠፋ ባለቤቴ ታውቃለች እኔ አላውቅም። በ38 ዓመት አንድም ቀን ቡፌ አልገቡም። ጠዋት ውኃ፣ ማታ ጠላ።

ምናለሽ ተራ

ጋሼ፣ ብርጭቆዎቹን የሚሸጧቸው ከሆነ አደራ፣ መጀመሪያ ለእኔ።

ጋሽ ድሬስደን

አይሸጡም ልጄ። መጥተህ ግን ጠላ ትጠጣባቸዋለህ።

ትዕግሥት ከያፎ

እኔ ጋ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል፣ ብርሃን የማያሳልፍ አረንጓዴ ስኒ አለ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው የገዛሁት። ሥሩ ላይ «ፋየር ኪንግ» ተጽፏል። ይሄም ያበራል?

የኦሃዮዋ

ያንቺው የአንከር ሆኪንግ ሥራ ነው፣ ከእኔ ቤት ሩቅ ካልሆነችው ከላንካስተር ኦሃዮ። ቀለሙን «ጄዳይት» ይሉታል። ፋየር ኪንግ ከሆነ ሙቀት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ። ቡናሽን ጠጪበት። ለማብራቱ ብርሃን አብሪበትና እዪው።

ሙቀት ካነሳን፣ ሮዝ ሳህን፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሽሮ ከምድጃ አውርደሽ እየተንተከተከ ሮዙ ሳህን ላይ እንዳትገለብጪ። ፒሬክስ አይደለም። ፒሬክስ በ1915 ሲወጣ ለምድጃ የተቀመመ ሌላ ብርጭቆ ነበር። ያንቺው ድንገተኛ ሙቀት ሲያገኘው «ጠሽ» ይልና ለሁለት ይከፈላል። ሰላጣ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ቆሎ፣ የቀዘቀዘ ክትፎ። ስኒዎቹ ላይ ቡና ከፈለግሽ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አሙቂያቸው። እኔ ግን አልደፍርም።

ዲሽ ዋሸር ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ሮዝ ሳህን

ስለ ዲሽ ዋሸሩ ዘግይታችሁ ነገራችሁኝ። አንድ ስኒ አስገብቼ ነበር። ጭጋግ ለበሰ።

የኦሃዮዋ

አቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው። ጭጋጉ ከለቀቀ የውኃው ኖራ ነበር። ካለቀቀ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል፤ ሰብሳቢዎች «የታመመ ብርጭቆ» ይሉታል። መድኃኒት የለውም። ሻጮች ዘይት ቀብተው ይደብቁታል፤ ስትገዙ ሁልጊዜ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ።

ምናለሽ ተራ

ስለ ብርሌ ማንም አላነሳም፤ ያውም በአማርኛ እየተወራ! እኔ አሁን የምሰበስበው እሱን ነው። ምናለሽ ተራ ውስጥ በቆርቆሮና በብሎን ክምር መሃል ይገኛል። 23 ደርሼያለሁ።

ሁለት ዓይነት ነው። በቅርጽ ማውጫ የተሠራው አንገቱ ላይ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር አለው። በአፍ የተነፋው የለውም። የተነፋውን ገልብጡት፤ ሥሩ መሃል ላይ ከዘንጉ የተላቀቀበት ሻካራ ጠባሳ አለ፣ እንደ እምብርት። ሁለት የተነፉ ብርሌዎች ጎን ለጎን ብታቆሙ አይመጣጠኑም። አንዱ ቦርጫም ነው፣ አንዱ አንገቱ ያዘነብላል። እኔ ቤት አንዱን «ጋሼ» ነው የምንለው፤ ቆሞ እያዳመጠ ነው የሚመስለው።

ስገዛ የማደርገው አንድ ነገር ነው። በጣቴ አንጠልጥዬ በጥፍሬ መታ። ጤነኛው «ጥንንን» ይላል። የነቃው «ጠጥ» ብሎ ይቀራል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ይሰማዋል። ሻጩ «ትንሽ ናት፣ አታፈስም» ቢል አልሰማውም። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የተባለው ለተረት ብቻ አይደለም።

አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ለማጠብ ያስቸግራል። ጥቂት ጥሬ ሩዝና አቼቶ ጨምራችሁ ናጡት፤ የታችኛውን ቢጫ ይፍቀዋል። የሩዙ ጠርዝ አይጭርም። አሸዋ የሚያስገቡ አሉ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው።

ኬሚስቱ

ሩዙ ለክሪስታል ካራፋም ይሠራል። ኮኛኩ ከተደፋ በኋላ።

ሳቂታው

አልደፋሁትም።

ሮዝ ሳህን

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

እማዬ መጣች፤ ጾሙ ሳይፈታ። ሳህኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጠበቅኳት። አየቻቸው። አንዱን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ሥሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «የማን ነበር?» አለች። ሞታለች አልኳት። «ነፍስ ይማር» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ የእኔን የዘወትር ነጭ ሳህን ከቁም ሳጥን አውጥታ ራሷ አቀረበች። አምስት ቀን በነጩ በላን።

በስድስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ለሦስት የተከፈለው ሳህን ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ ክፍል ሽምብራ አሳ፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ ስናፍጭ። «ይሄኛው ለበያይነቱ የተሠራ ነው፣ ለእንግዳ አይሆንም» አለችኝ። ስለዚህ ለእኛ ሆነ። ለፋሲካ ሁሉም ወጡ። አንዱ ሳህን ጠርዙ ትንሽ ተሸረፈ፤ የሸረፈው ባለቤቴ ነው፣ ይሄው «ቆልፊበት» ሲል የነበረው።

ሳህኖቹን እግራቸውን አይቻለሁ፤ በጣም የተፋተጉ ናቸው። ስኒውን አቼቶ ዘፈዘፍኩት። አልለቀቀም።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ውይይቱን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ያ አንድ መስመር ያለው የቅቤ ማስቀመጫ ይሸጣል? ኦሪጅናል ባይሆንም ግድ የለኝም።

ሮዝ ሳህን

አይሸጥም። እማዬ ንጥር ቅቤ ሞልታበት ሄዳለች።

የኦሃዮዋ

ቀዝቅዞ ነው የገባው በይኝ።

ሮዝ ሳህን

ቀዝቅዞ ነው። አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ። ክዳኑን ስታነሱት ኮረሪማው ይሸታል።